የኢታና ካምቢዮ

የወንድሜን ማኪና ሞተርና ካምቢዮ ላወርድ የሄድኩ ዕለት በቱታዬ የደረት ኪስ ውስጥ አንዲት አዲስ ስፕሪንግ ነበረች። ከትንሿ ጣቴ ግማሽ አትበልጥም። እሷን ይዤ ከአዲሱ ገበያ እስከ ቀጨኔ በእግሬ ሄድኩ። ታክሲ ጠፍቶ አይደለም፤ ቶሎ መድረስ ስላልፈለግኩ ነው።

ወንድሜ ኢታና ከሞተ አምስት ወር አልፎታል። ጥር አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከእንጦጦ ሲወርድ ማኪናዋ አልቆም አለችው፤ ከሽሮ ሜዳ በላይ ካለ የድንጋይ ግንብ ጋር ተላተመ። ብቻውን ነበር፤ የዕለቱ ሙሽሮች ከሚዜዎቻቸው ጋር በሌላ ማኪና ወርደዋል። መንገድ ዳር ጥበብ የሚሸጡ ሴቶች፣ ሰው ላይ ላለመውጣት ሲል መሪውን ራሱ ወደ ግንቡ እንዳዞረው ምለው ተናግረዋል። እኔም አምናቸዋለሁ፤ ኢታና እንደዚያ ያለ ሰው ነበር።

ትራፊክ ፖሊሶች የጻፉት ሪፖርት ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ፍሬኑ ግሎ መያዝ አቅቶታል። ሁለተኛ፣ ማርሹ ፎሌ ላይ ተገኝቷል። ፎሌ ማለት ማርሽ ያልገባበት፣ ሞተሩና ጎማው የተለያዩበት ነው። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ከገባ ሞተሩ ራሱ ማኪናዋን ወደ ኋላ ይይዛታል። ፎሌ ከሆነች ግን ያለህ ፍሬን ብቻ ነው፤ የሃምሳ ዓመት ፍሬን ደግሞ የእንጦጦን ቁልቁለት ብቻውን አይችለውም።

እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው። ማርሹን ፎሌ ላይ ያደረገው የኢታና እጅ ነው ወይስ ካምቢዮው ራሱ ማርሹን ተፍቶት ነው? ፖሊሶቹ ይህን አልጠየቁም። ቢጠይቁ መልስ መስጠት ያለበትን ሰው ግን አውቀዋለሁ። አደጋው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ያንን ካምቢዮ ፈትቼ የገጠምኩት እኔ ደቻሳ ነኝ።

ማኪናዋ የአባታችን ነበረች፤ ክሬም ቀለም ያላት ፊያት መቶ ሃያ አራት። አባታችን ሲሞት እኔ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ እንሽጣት ባይ ነበርኩ። ኢታና ግን አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ወንበሯን አስለብሶ የሰርግ ማኪና አደረጋት። የዛሬ ሙሽሮች አሮጌ ነገር ይወዳሉ። እንጦጦ ይወስዳቸዋል፣ ኮፈኗ ላይ ተደግፈው ፎቶ ይነሳሉ፣ እሱም ከሙሽራው በላይ ደስ ብሎት ዳር ላይ ይቆማል። እኔ አዲሱ ገበያ ጋራዥ አለኝ፤ ማኪናዋ ባስነጠሰች ቁጥር የማያት እኔ ነኝ።

ያን ዓርብ “ሦስተኛ ማርሽ ራሱን እያወጣ አስቸገረኝ” ብሎ አመጣት። ፈታሁት። ካምቢዮ ውስጥ ማርሹን በቦታው የምትይዝ አንዲት የብረት ኳስ አለች፤ ኳሷን ከላይ የሚጫናት ደግሞ ስፕሪንግ ነው። የሱ ስፕሪንግ ደክሞ ተኝቷል። እንዲህ ያለ ዕቃ ሶማሌ ተራ ገብተህ ሁለት ቀን ካላሰስክ አይገኝም ብዬ ደመደምኩ። በማግስቱ ደግሞ ሰርግ አለው። ከአንድ አሮጌ ሚኒባስ ላይ የወለቀ ስፕሪንግ ነበረኝ፤ በፒንሳ ቆርጬ፣ ርዝመቱን በዓይኔ ለክቼ ከተትኩለት። “ለጊዜው ነው” አልኩት። “ሰኞ አምጣት፣ ትክክለኛውን እፈልግልሃለሁ።”

ጋራዤ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም “ለጊዜው የሚባል ጥገና አንሠራም” ብዬ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ደንበኛ ሲለምነኝ በጣቴ ወደ ግድግዳው አሳየዋለሁ፤ አንዳንዱን ሰድቤ መልሻለሁ። ለወንድሜ ግን እምቢ ማለት አቃተኝ። ለባዕድ የማላደርገውን ለሱ አደረግኩለት።

ለቅሶው ላይ አላለቀስኩም። ታላቅ ነህ ተብዬ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ተቀመጥኩ። እድርተኛው እየመጣ “እግዚአብሔር ያጥናህ” ይለኛል፣ እኔም “አሜን” እላለሁ። “ደቻሳ ጠንካራ ነው” ሲሉ ሰምቻለሁ። ጥንካሬ አልነበረም። ክረምት ላይ በማለዳ ብረት ስትፈታ ጣትህ ይቆረጥና አታውቀውም፤ ደሙን ስታይ ነው የምትነቃው። እኔ ደሙን አይቻለሁ፤ ሕመሙ ነው ያልመጣው። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ሰው ሲቀልድም እስቃለሁ፣ ልክ በሰዓቱ።

ባለፈው ሳምንት የኢታና ሚስት ሐመልማል ደወለችልኝ። ሱሉልታ የሚኖር ጃለታ የሚባል ሰው ተመሳሳይ ማኪና አለው። የማኪናዋ አካል ምንም ባይጠቅመውም ሞተሩንና ካምቢዮውን ሊገዛ ይፈልጋል፤ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜካኒክ ይዞ ይመጣል።

“ካምቢዮውን አስከፍቶ አይቶ ነው የሚወስደው” አለችኝ። “ማውረዱን ግን አንተ አውርድልኝ ጋሼ። እሷን ሌላ ሰው እንዲነካት አልፈልግም።”

ሜካኒኩ ሲከፍተው የኔን ቁራጭ ስፕሪንግ ያያል። “ይኼን የገጠመው ማን ነው?” ይላል። ሐመልማልም አጠገቡ ቆማ ትሰማለች። ከዚያ በኋላ ያ ቤት ለኔ የለም። ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ ወላጆቻችን አልፈዋል። በዚህ ዓለም የቀሩኝ ሐመልማልና የዘጠኝ ዓመት ልጇ ሊሚ ናቸው። ሊሚ አሁን ፍቼ አያቷ ጋ ናት፤ ከፋሲካ በኋላ እናቷ ላከቻት። ለምን እንደላከቻት ስጠይቅ “አየሩ ይስማማታል” አለችኝ፣ እኔም አልገፋሁም። እሁድ እሁድ እደውልላታለሁ። “አባባ ደቹ” ነው የምትለኝ።

ስለዚህ ሶማሌ ተራ ሄጄ ትክክለኛውን ስፕሪንግ ገዛሁ። ያን ጊዜ ሁለት ቀን ይፈጃል ያልኩት ፍለጋ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ካምቢዮው ሲወርድ ማንም ሳያየኝ አሮጌውን አወጣና አዲሱን እከታለሁ፣ ክዳኑን እዘጋለሁ፣ በቃ። ሌባ እንኳ እንደዚያ አይዘጋጅም።

የሐመልማል ግቢ ስደርስ ኑሕ ቀድሞኛል። ኑሕ ከአጥሩ ወዲያ ብየዳ ቤት ያለው ጎረቤቷ ነው። ሦስት ረጃጅም ብረቶች አናታቸውን አንድ ላይ በይዶ ማኪናዋ ላይ አቁሟቸዋል፤ ከመሃላቸው የሰንሰለት ማንሻ ተንጠልጥሏል። አፉ ደግሞ አያርፍም።

“ጋሽ ደቻሳ ዘገዩ እኮ! ሰንሰለቱን ሰቅዬ ስጠብቅ መንገደኛው ሁሉ በሬ የምናርድ መስሎት ቅርጫ አስገባኝ እያለኝ ነው።”

“አንተ ብረቱ መያዙን አረጋግጠሃል?”

“ይኼ ብረት? እርስዎንም እኔንም ሞተሩንም አንድ ላይ ይሰቅላል።”

“እኔን ተወኝ፤ ሞተሩን ከሰቀለ ይበቃል።”

ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ሐመልማል ከቤት ወጣች። አሁንም ጥቁር ነው የለበሰችው፤ ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜ ስለሆነ ቤት ውላለች። ሰላም ብላኝ የማኪናዋን ጣሪያ አንዴ በመዳፏ ነካ አድርጋ ተመልሳ ገባች።

ሥራ ጀመርን። ሥራ ጥሩ ነው፤ እጅ ያውቀዋል፣ ልብ አያስፈልገውም። ባትሪውን አወጣሁ። የራዲያተሩን ውሃ ሳፈስ ቀይ ዝገት ወጣ። ራዲያተሩ ራሱ ሞተሩ ላይ ተጨፍልቆ ስለነበር ኑሕ ቆርጦ አነሳልኝ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ የትኛው የት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፌ ጫፋቸው ላይ አሰርኩ። ገዥው ሰው እንዳይደናገር ብዬ ነው፤ እንዲህ ባለው ነገር ላይ ጠንቃቃ ነኝ። የነዳጁን ቱቦ ዘጋሁ፣ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ፈታሁ። ከዚያ በክሪክ አንስተን፣ ግንድ አስደግፈን፣ ከሥሯ ገባሁ።

ሌሊት ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ጭቃ ነው። በጀርባዬ ተኝቼ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ አወለቅኩ፣ የፍሪሲዮኑን ገመድ ፈታሁ፣ ብሎኖቹን በየቡድናቸው በቲማቲም ጣሳ ለየሁ። ካምቢዮው ልክ ከፊቴ በላይ ነበረ። እጄን ዘርግቼ ነካሁት። አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቀዝቃዛ ብረት ነው፣ ሌላ ምንም የለም።

የቀረው የማርሹ ዘንግ ነበር። እሱ ከላይ፣ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ነው የሚፈታው። ኑሕ ወፈር ያለ ሰንሰለት ሊያመጣ ብየዳ ቤቱ ሄደ። እኔ የተጣመመውን በር በትከሻዬ ገፍቼ የኢታና ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መስታወቱ ረግፏል፣ መሪው ወደ አንድ በኩል ተጣሟል። ማርሹ እንደ ሪፖርቱ ፎሌ ላይ ቆሟል። ዙሪያውን ያለውን ጎማ በካቻቢቴ ስልጥ ሐመልማል በሌላው በር ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?”

“ጠይቂኝ።”

“ማርሹ ፎሌ ላይ ነበር ብለው ጽፈዋል አይደል?”

“ጽፈዋል።”

“ካምቢዮው ሲፈታ ይታወቃል? ማለቴ... እሱ ራሱ አውጥቶት እንደሆነ፣ ወይ ተበላሽቶ እንደሆነ?”

“ለምን ፈለግሽው?”

በእጇ የለበሰችውን ጥቁር ነጠላ ጫፍ ትፈትላለች።

“እኔ ነኝ ያልኩት” አለች።

“ምን ያልሽው?”

“በፎሌ ውረድ ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ሳምንት ነዳጅ ጠፍቶ አልነበር? አምስት ሰዓት ሙሉ ተሰልፎ ነው የቀዳው። ጠዋት ሲወጣ በር ላይ ቆሜ ‘ኢታንዬ፣ ስትወርድ በፎሌ ውረድ፣ ለሳምንቱ ይተርፈናል’ አልኩት። ‘እሺ’ አለኝ። እሺ ካለኝ ደግሞ ያደርጋል፤ ታውቀዋለህ።”

አውቀዋለሁ። በነዳጅ እጥረት ጊዜ በዚያ መንገድ በፎሌ የማይወርድ ሹፌር የለም፤ ይህን የማታውቅ የሹፌር ሚስትም የለችም። እኔም ራሴ ወርጃለሁ።

“ሊሚን ለምን እንደላክኋት ታውቃለህ?” አለች። “ፀጉሯን ልሠራት ስቀመጥ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። አባቷን በገዛ አፌ ገድዬ ‘ልጄ’ ልበላት? ትጠይቀኛለች እኮ ጋሼ። ‘አባቴ ለምን ፍሬን አልያዘም?’ ትለኛለች። ምን ልመልስላት? ለከርሞም እዚያው ትመዝገብ ብዬ ለእናቴ ነግሬያታለሁ። አንተ የመጀመሪያው ሰው ነህ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።”

መናገር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው። የሷ ጥፋት ላይሆን እንደሚችል፣ የኔ ሊሆን እንደሚችል። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ለደንበኛ የምለው ነው።

“ሲፈታ እናየዋለን።”

“ይታወቃል ማለት ነው?”

“ይታወቃል” አልኳት።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። “ከታወቀ ንገረኝ። ምንም ቢሆን ንገረኝ። አለማወቁ ነው የጨረሰኝ።” ከማኪናዋ ወጥታ በሩን ልትዘጋ ሞከረች፤ በሩ አልገጥም ሲላት ተወችው።

ኑሕ ሰንሰለቱን ይዞ መጣ። ሞተሩን ከፊት፣ ካምቢዮውን ከኋላ አሰርናቸው፤ ሁለቱ እንደተያያዙ ነው የሚወጡት። ሞተሩን የያዙትን የመጨረሻ ብሎኖች ስፈታ መላ አካሏ አንዴ ተንቀጠቀጠ። ኑሕ ሰንሰለቱን ይስባል፣ እኔ በእጄ እመራለሁ። ሞተሩ ቀና ይላል፣ የካምቢዮው ጅራት ዝቅ ይላል፣ እንደገና ይያዛል።

“ጅራቱን ይልቀቁት ጋሽ ደቻሳ!”

“አንተ ቀስ በል! የሰው ማኪና ነው!”

“የሰው? የእናንተው አይደለች እንዴ?”

ሩብ ሰዓት ያህል ስንታገል ቆይተን ወጣ። በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ዘይት ጠብ ጠብ እያለ። ማኪናዋን ወደ ኋላ ገፋናትና ሁለት አሮጌ ጎማ ላይ አወረድነው። ሞተር የወጣለት ማኪና ፊቱ ከፍ ይላል፤ እሷም ፊቷ ከፍ አለ። ኑሕ እጁን በሳሙና ታጥቦ “ምሳዬን ቀመስ አድርጌ መጣሁ” ብሎ ሄደ። ሐመልማል ማጀት ውስጥ ናት። ሰባት ሰዓት አልፏል።

ብቻዬን ሆንኩ። የካምቢዮውን ዘይት በጀሪካን ተቀበልኩ። የታችኛውን ክዳን ከፍቼ በስልኬ መብራት የማርሹን ጥርሶች አየሁ። የሦስተኛው ማርሽ ጥርስ ጫፍ ተልጧል፤ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ልጣጭ። እጅ ያወጣው ማርሽ እንደዚያ አይላጥም። ሙሉ ጭነት ይዞ ሳለ በኃይል ዘሎ የወጣ ማርሽ ነው እንደዚያ የሚሆነው። ኢታና ለሚስቱ “እሺ” ብሎ ወጥቷል፣ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ሦስተኛ አስገብቶ ነው የወረደው። በዕድሜው አንድ ቀን እሺ ያለውን ሳያደርግ ቀረ።

ከዚያ የጎኑን ትንሽ ክዳን ሁለት ብሎን ፈታሁ። ከሥሯ ሦስት ስፕሪንጎች አሉ። ሁለቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው የኔ ነው፤ ለሁለት ተሰብሯል። የፒንሳዬ ጥርስ የነከሰበት ቦታ አሁንም ይታያል፤ የተሰበረውም እዚያው ላይ ነው።

አምስት ወር ስጠብቀው የነበረ ነገር ነው። ሲመጣ የሆነ ነገር ይሆናል፣ እወድቃለሁ፣ እጮሃለሁ ብዬ ነበር። ያሰብኩት ግን “ክዳኑ አዲስ የማሸጊያ ወረቀት ያስፈልገዋል” የሚል ነው። ስብርባሪውን በግራ እጄ ያዝኩ። በቀኜ አዲሷን ስፕሪንግ ከኪሴ አውጥቼ ከተትኳት፣ ክዳኑን መልሼ ብሎኖቹን አጠበቅኩ፣ የታችኛውንም ዘጋሁ። በጨርቅ ወለወልኩት። አሁን ጃለታ አይደለም የፈለገው ሰው ቢከፍተው ንጹሕ ሥራ ነው የሚያየው።

ልቆም ስል ሐመልማል ከኋላዬ ቆማለች።

“ተገኘ?” አለች።

አንድ ልማድ አለኝ። ሜካኒክ ሁሉ ውሸታም ነው፣ ሳይቀይር ቀየርኩ ይላል ስለሚባል፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከማኪና ያወጣሁትን የተበላሸ ዕቃ ለባለቤቱ በእጁ እሰጣለሁ። ብሎንም ትሁን፣ የተበጠሰ ገመድም ይሁን። ይኼው ያንተ ነው፣ እንዲህ ሆኖ ነው እለዋለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ አላስብበትም፤ እጄ ይዘረጋል። ኅሊናዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግራ እጄ ተዘረጋ፣ ተከፈተ፣ ሁለቱ ቁራጮች ዘይት እንደተቀቡ መዳፌ ላይ ነበሩ።

“ይኼ ምንድን ነው?”

“ማርሹን የሚይዘው ስፕሪንግ። ተሰብሯል።”

“ማለት?”

“ማለት ኢታና በፎሌ አልወረደም። ሦስተኛ አስገብቶ ነው የወረደው፤ ጥርሱ ላይ ይታያል። ይኼ ሲሰበር ማርሹ ራሱ ዘሎ ወጣ። እጁ አልነካውም።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“እርግጠኛ ነኝ።”

“ልታጽናናኝ ብለህ እንዳይሆን ጋሼ። በሊሚ ማልልኝ።”

“ሊሚን ይንሳኝ” አልኳት።

የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። የለቅሶ ቤት ልቅሶ አልነበረም፤ ከልጅ የሚወጣ ዓይነት ነው፣ እየሳቀ የሚያለቅስ። “ኪዳነ ምሕረት፣ እናቴ፣ ተመስገን፣ ተመስገን” ትላለች። ቆሜ አየኋት። እውነቱን ለመናገር ቀናሁባት።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ይበቃኝ ነበር። እውነቱን ተናግሬያለሁ፣ እሷም ነጻ ወጥታለች፣ ማንም የጎደለበት የለም። ሐመልማል ግን ፊቷን ጠርጋ ቀና አለች። ከእጄ ላይ አንዱን ቁራጭ አንስታ አገላብጣ አየችው።

“ዓርብ ዕለት አንተ ጋ አልነበር እንዴ ያመጣት? ስትፈታው አላየኸውም?”

“አይቼዋለሁ።”

“እና?”

“እኔ ነኝ የገጠምኩት። ትክክለኛው አልነበረኝም። ከሌላ ማኪና ላይ ቆርጬ ከተትኩለት። ለጊዜው ብዬ።”

ቁራጩን አላስቀመጠችም።

“መሰበሩን ዛሬ ነው ያወቅከው?”

“መሰበሩን ዛሬ ነው ያየሁት። ፎሌ ላይ ተገኘ ሲሉ ግን ገብቶኛል።”

“የዚያን ቀን? ገና ሳንቀብረው?”

“የዚያን ቀን።”

“አምስት ወር” አለች። ድምጿ ዝቅ ብሏል። “ድንኳን ውስጥ ከጎኔ ተቀምጠህ ‘አይዞሽ’ ስትለኝ ታውቅ ነበር። ለሊሚ ልብሷን በሻንጣ ሳጥፍ መጥተህ ሻንጣዋን ተሸክመህ አሳፈርካት። ቅድም እዚህ ማኪና ውስጥ ስነግርህስ?”

“ያኔም።”

“ዝም አልክ።”

“ዝም አልኩ።”

“ለስፕሪንጉ እግዜር ይፍታህ እልህ ነበር” አለች። “ወንድምህ ነው፤ ልትገድለው ብለህ አላደረግከውም። ሰው ይሳሳታል። ልጄን ከቤቴ ሳስወጣ ግን ቆመህ አየኸኝ።”

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ለደንበኛ ያልኩት ስለመሰለኝ ዋጥኩት። ሐመልማል ቁራጩን በቀሚሷ ኪስ ከተተችው። ከዚያ ስልኳን አወጣች። ከደረጃው ተነስታ፣ ከኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሳትሰጠኝ ደወለች።

“እማዬ? እንዴት ዋልሽ? ደህና ነኝ... ምንም አልሆንኩ፣ አይ፣ ለደስታ ነው። እማዬ፣ ነገ ሊሚን ይዘሽልኝ ነይ። አዎ። አይ ለጥየቃ አይደለም፣ ለሁልጊዜ ነው። ልብሷን በሙሉ ያዥላት። ምዝገባውን ተይው፣ እዚህ ነው የምትማረው። ቤቷ።”

ወዲያኛው ጫፍ ጫጫታ ሆነ። ስልኩን ነጥቃ መሆን አለበት፤ የሊሚ ድምፅ እኔ ያለሁበት ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ።

“እማዬ! እውነትሽን ነው? ነገ? ነገ ጠዋት?”

“ነገ ጠዋት፣ የኔ እናት። ፀጉርሽን አታሠሪ፤ እኔ ነኝ የምሠራሽ።”

“አባባ ደቹስ? እዚያ አለ? አገናኚኝ!”

ሐመልማል ቀና ብላ አየችኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

“የለም” አለቻት።

ያኔ ነው የተሰማኝ። አመመኝ፣ ኢታና ያን ሰዓት የሞተ ያህል፣ ለሱ ብቻም ሳይሆን ለዚያች ድምፅ። ልጅቷ አሁንም መስመር ላይ ናት፤ “መቼ ይመጣል?” እያለች ትጠይቃለች። የልቅሶዬ ድምፅ እንዳይሰማት አፌን በዘይታም እጄ ይዤ፣ መሣሪያዬን ሳልሰበስብ፣ በእግሬ ጣት እየረገጥኩ ከግቢው ወጣሁ።